ስለ ኩላሊትና ስለ ሁለቱ በሮቹ

ብልኅ እመቤት ለበዓል የጣለችውን ጠጅ በምታጠልበት ቀን ጋኑን አዘንብላ በአንድ ጊዜ በጨርቁ ላይ አትደፋውም። በቅል እየቀዳች፣ ማጥለያው የሚችለውን ያህል እያየች በልክ ታፈሳለች እንጂ። አብዝታ ብታፈስ ጠጁ በጨርቁ ዳር ይፈሳል፤ አንቡላውም አብሮ ይወርዳል። አሳንሳ ብታፈስ ደግሞ ሥራው ሳያልቅ እንግዳው ይደርስባታል። ስለዚህ የመልካም አጣጣል ምሥጢሩ ጨርቁ ብቻ አይደለም፤ የአፈሳሰሱም ልክ ነው።

ይኸን ማንሣታችን የጠጅን ሙያ ለማስተማር አይደለም፤ አንባቢዎቻችን የሆኑት እመቤቶች ይኸንን ከእኛ ይልቅ ያውቁታልና። ነገር ግን እያንዳንዳችን በወገባችን ውስጥ ቀንና ሌሊት የማያርፉ ሁለት ማጥለያዎች ይዘን እንኖራለን። እነዚህም የአፈሳሰሱን ልክ ራሳቸው የሚጠብቁ ናቸው። እንዴት እንደሚጠብቁት ማወቅ ለሐኪም ብቻ የሚተው ትምህርት አይደለም፤ ባለማወቅ ምክንያት በቤታችን ውስጥ፣ በፍቅር እጅ ሳይቀር፣ ጉዳት ሊደርስ ስለሚችል ነው ዛሬ በዚህ ገጽ ልንገልጠው ያሰብነው።

ኩላሊቶች ከአከርካሪው አጥንት ግራና ቀኝ በጀርባ በኩል ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ከባለቤቱ ጭብጥ እምብዛም አይበልጥም፤ ክብደቱም 150 ግራም ያህል ነው። ሆኖም ልብ በየደቂቃው ከሚረጨው 5 ሊትር ያህል ደም ውስጥ አንድ ሊትር የሚሆነው፣ ማለት አምስተኛው እጅ፣ ወደነዚህ ትንንሽ ክፍሎች ይሄዳል። ከዚህም ደም በየደቂቃው 125 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ከነጨውና ከነቆሻሻው ይጣራል። በአንድ ቀንና ሌሊት ሲደመር 180 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም በ20 ሊትር ጀሪካን ቢለካ ዘጠኝ ጀሪካን ነው። በሰውነታችን ያለው የደም ውሃ ግን 3 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያው ውሃ በየቀኑ 60 ጊዜ እየተመላለሰ ይጣራል ማለት ነው። ከ180ው ሊትር ከመቶ 99 እጅ የሚሆነው ወደ ደም ይመለሳል፤ የቀረው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ሽንት ሆኖ ይወጣል።

ይኸ ሥራ የታወቀው በአንድ ጊዜ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1842 ዓ.ም. ዊልያም ቦውማን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ኩላሊትን በማጉሊያ መሣሪያ መርምሮ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ፈትል ልቃቂት ተጠቅልለው በትንሽ ጽዋ ውስጥ መቀመጣቸውን፣ ከጽዋውም ቀጭን ቱቦ መውጣቱን አሳየ። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ ውሃውን ከደም የሚለየው የደሙ ግፊት ነው ብሎ አስተማረ። ነገሩ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሮ፣ በ1924 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ አልፍሬድ ሪቻርድስና ጆሴፍ ዌርን እጅግ የቀጠነ የመስተዋት መርፌ ሠርተው ከእንቍራሪት ኩላሊት፣ ከአንዲቱ ጽዋ ውስጥ፣ ጥቂት ፈሳሽ ቀድተው መረመሩ። የደሙ ፕሮቲን ያልገባበት የተጣራ ውሃ ሆኖም ተገኘ። በእያንዳንዱ የሰው ኩላሊት ውስጥ እንዲህ ያለ ልቃቂት አንድ ሚሊዮን ያህል አለ።

አሁን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንለምነው ስለ በሮቹ ነው። ደም ወደ ልቃቂቱ የሚገባው በአንዲት ትንሽ ሥር ነው፤ የሚወጣውም በሌላ ትንሽ ሥር ነው። ሁለቱም በግድግዳቸው ጡንቻ አላቸውና ይጠብባሉ፣ ይሰፋሉም። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩን ወዲያው ያስተውለዋል። ከላይ ያለውን የቦዩን አፍ ቢያጠብብ በመደቡ ላይ የሚቆመው ውሃ ይቀንሳል፤ ከታች ያለውን መውጫ ቢያጠብብ ግን ውሃው ይሞላል። እንዲሁም የመግቢያው ሥር ሲጠብብ በልቃቂቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ የሚጣራውም ውሃ ያንሳል። የመውጫው ሥር በመጠኑ ሲጠብብ ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። ኩላሊት የማጣራቱን ልክ የሚጠብቀው እነዚህን ሁለት በሮች በመክፈትና በመዝጋት ነው።

ልኩ ባይጠበቅስ ምን ይሆን ነበር? እስቲ እንቍጠረው። የሰው የደም ግፊት ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ተኝቶ ሳለ ይወርዳል፤ ሲቈጣ፣ ሲደነግጥ፣ እንጨት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ከፍ ይላል። ግፊቱ በሩብ ቢጨምርና የሚጣራውም ውሃ በዚያው ልክ በሩብ ቢጨምር፣ 180ው ሊትር 225 ይሆናል። ወደ ደም የሚመለሰው ውሃ እንደ ቀድሞው ቢቀር በቀን ከ45 ሊትር በላይ ሽንት በወጣ ነበር። ደሙ ሦስት ሊትር ውሃ ብቻ ያለው ሰው ይኸንን ከቶ ሊችለው አይችልም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይደርቅ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ግፊቱ በወረደ ቍጥር ማጣራቱ ቢቋረጥ፣ መርዙ በደም ውስጥ በተጠራቀመ ነበር። ይኸ የማይደርሰው በሮቹ በረኞች ስላሏቸው ነው።

የመጀመሪያው በረኛ የመግቢያው ሥር ራሱ ነው። በ1902 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዊልያም ቤይሊስ የደም ሥሮች ከውስጥ በግፊት ሲወጠሩ ከማንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ራሳቸውን እንደሚያጠብቡ፣ ግፊቱ ሲቀንስም እንደሚላሉ ገለጠ። በኩላሊትም ውስጥ እንዲሁ ይሆናል። ደም በኃይል ሲመጣ የመግቢያው ሥር በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይጠብባል፤ ደሙ ሲዳከም ደግሞ ይከፈታል።

ሁለተኛው በረኛ ጨው ቀማሽ ነው። ከጽዋው የወጣው ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ወርዶ፣ ተጠምዝዞ፣ እንደገና ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ተነሣበት ልቃቂት ይመለሳል፤ በሁለቱም በሮች መካከል ያልፋል። በዚያ ቦታ በቱቦው ግድግዳ ላይ ያሉ ጥቂት ሕዋሳት የሚያልፈውን ውሃ ጨውነት ይለካሉ። ማጣራቱ ከልክ ሲያልፍ ውሃው በቱቦው ውስጥ ስለሚቸኩል ጨው ሳይመለስ ብዙ ሆኖ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ቀማሾቹ ለመግቢያው ሥር ምልክት ይሰጣሉ፤ እርሱም ይጠብባል። ጨው አንሶ ሲደርስ ደግሞ በሩ እንዲከፈት ያደርጋሉ። እንግዲህ ጠጅ የምታጠል ሴት የወረደውን ቀምሳ እጅዋን እንደምታቀናው ማለት ነው።

ሦስተኛው በረኛ ለችግር ቀን የተቀመጠ ነው። ሰው ብዙ ደም ሲፈስሰው፣ ወይም በተቅማጥና በትውከት ውሃው ሲያልቅ፣ መግቢያውን ማስፋት ብቻ አይበቃም። በ1898 ዓ.ም. ሮበርት ቲገርስቴትና ረዳቱ በርግማን በስቶክሆልም ከጥንቸል ኩላሊት የጨመቁት ነገር የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ አግኝተው ሬኒን ብለው ሰየሙት። ዛሬ እንደሚታወቀው ኩላሊት ደም ሲያንሰው ሬኒንን ወደ ደም ይልካል፤ ከእርሱም የተነሣ አንጂዮቴንሲን የተባለው ይፈጠራል። አንጂዮቴንሲን የሰውነትን ሥሮች ያጠብባል፤ በኩላሊት ውስጥ ይልቁንም መውጫውን በር ያጠብባል። የመግቢያው በር አብሮ እንዳይዘጋ ደግሞ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ሌላ ነገር ከዚያው ከኩላሊቱ ይመነጫል። መግቢያው በአንዱ ተከፍቶ፣ መውጫው በሌላው ጠብቦ፣ የመጣው ጥቂት ደም እንኳ እንዲጣራ ይሆናል።

በእንስሳት ላይ በተደረገው ምርመራ አማካዩ የደም ግፊት ከ80 እስከ 180 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢለዋወጥ እንኳ ኩላሊት የማጣራቱን ልክ ብዙ ሳይለውጥ ሊጠብቀው እንደሚችል ታውቋል። ከዚያ በታች ከወረደ ግን በረኞቹ ይረታሉ።

እነሆ ቤታችንን የሚመለከተው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ ቤት እናስብ። የ65 ዓመት እናት አሉ እንበል። ለደም ብዛት ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያስኬድ መድኃኒት ይወስዳሉ። ተቅማጥ ያዛቸውና ሁለት ቀን ሰነበቱ፤ ምግብም ውሃም ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ጕልበታቸውንና ወገባቸውን አመማቸው። ልጃቸው እናቱን የሚወድ ነውና እየሮጠ ሄዶ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ መጣ። እናትም መርቀው ዋጡት፤ ሕመሙም ቀለል አላቸው። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ደስ አለው።

በበሮቹ በኩል ግን የሆነው ሌላ ነው። በተቅማጡና ሽንት በሚያስኬደው መድኃኒት ምክንያት ደሙ አንሷል። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና እነርሱን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ፕሮስታግላንዲን እንዳይፈጠር ይከለክላሉ፤ ስለዚህ የመግቢያው በር ይጠብባል። ኢናላፕሪል ደግሞ አንጂዮቴንሲን እንዳይፈጠር ስለሚያደርግ የመውጫው በር ይከፈታል። በደኅናው ቀን ይኸው የኢናላፕሪል ሥራ የልቃቂቱን ግፊት የሚያሳርፍ፣ ኩላሊትንም የሚጠቅም ነው፤ በድርቀት ቀን ግን የችግሩን በረኛ እጅ ያስረዋል። መግቢያው ጠብቦ፣ መውጫው ተከፍቶ፣ የሚመጣውም ደም ጥቂት ሆኖ ማጣራቱ ይወድቃል። በዚያ ሰዓት ኩላሊት ብዙውን ጊዜ አይጮህም፤ አያምም። ምልክቱ ሽንት ማነሱና መጥቈሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፈጥኖ ከታወቀና ውሃው ከተተካ ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ከዘገየ ግን የማይመለስ ጉዳት ሊቀር ይችላል።

ልጁን የምንወቅሰው አይደለም። ያደረገው በፍቅር ነው፤ የጐደለው ዕውቀት ብቻ ነው። ስለዚህም ነው ነገሩን አስረዝመን የጻፍነው።

ከዚህ ድንገተኛ ጉዳት ሌላ ዝም ብሎ ለዓመታት የሚሠራ ጉዳት አለ። የስኳር በሽታ በያዘው ሰው ቱቦው ስኳሩን ወደ ደም ሲመልስ ጨውንም አብዝቶ ይመልሳል። ስለዚህ ጨው ቀማሹ ዘንድ የሚደርሰው ጨው ያንሳል፤ እርሱም ማጣራቱ የቀነሰ መስሎት የመግቢያውን በር ይከፍታል። በዚህ ምክንያት በበሽታው መጀመሪያ ዘመን ማጣራቱ ከጤነኛው ሰው እንኳ ሊበልጥ ይችላል። ላየው ሰው ጥንካሬ ይመስላል፤ ነገር ግን ልቃቂቶቹ ያለ ልክ ተወጥረው እያለቁ ነው። በመጨረሻም አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በሽንት ማለፍ ይጀምራል። ይኸውም ጨርቁ ሳስቶ አንቡላው መውረድ እንደ ጀመረ ያለ ምልክት ነው። ለብዙ ዘመን ያልታከመ የደም ብዛትም እንዲሁ ሥሮቹን እያደነደነ በረኞቹን ያደክማቸዋል።

የሚያስደንቀው ደግሞ ይኸ ነው፤ ብዙ ልቃቂቶች ቢሞቱ የቀሩት የእነርሱን ሥራ ይጨምራሉ። ስለዚህ በተለመደው የደም ምርመራ የሚለካው ክሬያቲኒን የተባለው ቆሻሻ፣ የኩላሊቱ ሥራ ግማሽ ያህል እስኪጐድል ድረስ ከልክ ሳያልፍ ሊቆይ ይችላል። ሐኪሞች ከክሬያቲኒኑ፣ ከዕድሜና ከፆታ አስልተው የማጣራቱን ልክ በደቂቃ ይገምታሉ፤ ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይሉታል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. የታተሙ ታላላቅ ምርመራዎች ቱቦው ስኳር እንዳይመልስ የሚከለክሉ አዲስ መድኃኒቶች የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገዩ አሳይተዋል። እነዚህ መድኃኒቶች ሲጀመሩ የማጣራቱ ቍጥር ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ይኸም ብዙውን ጊዜ በሩ ወደ ልኩ መመለሱን፣ ልቃቂቱም ማረፉን የሚያሳይ ነውና ያለ ሐኪም ምክር ደንግጦ መተው አይገባም።

ኩላሊት የራሱን ልክ እንዴት ከፍ እንደሚያደርግ በግልጥ የታየበት አንድ ታሪክ እንጨምር። በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሪቻርድ ሄሪክ የተባለ የ23 ዓመት ጐልማሳ በኩላሊት በሽታ ለሞት ቀርቦ ነበር። በመልክም በደምም አንድ የሆነ መንትያ ወንድም ሮናልድ ነበረው። በታኅሣሥ ወር በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር በ23ኛው ቀን ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ ከሮናልድ አንድ ኩላሊት አውጥተው ለሪቻርድ ተከሉለት። ሪቻርድ ድኖ፣ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ስምንት ዓመት ኖረ። ሮናልድም በቀረችው አንዲት ኩላሊት ሕይወቱን ቀጥሎ በ2010 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ ዐረፈ። ዶክተር መሪ በ1990 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አንድ ኩላሊት የሰጠ ሰው ግማሽ ማጣራት ብቻ ይቀረዋል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የቀረችው ኩላሊት በሮቿን አስፍታ፣ ብዙ ደም ተቀብላ፣ ቀስ በቀስም ገዝፋ፣ ሁለቱ ይሠሩት ከነበረው ከመቶ 70 እጅ ያህል ትሠራለች። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ኩላሊት መተከል ተጀምሯል። ወንድም ለወንድሙ፣ እናት ለልጅዋ ከአካሏ ከፍላ ልትሰጥ የምትችለው ይኸ የመቻቻል ኃይል በኩላሊት ውስጥ ስላለ ነው። ነገር ግን ሰጪው ሁሉ አስቀድሞ በጥብቅ ይመረመራል፤ ከሰጠም በኋላ የደም ግፊቱንና ሽንቱን እያስመረመረ መኖር ይገባዋል። በረኞቹ ታማኞች ቢሆኑም ኃይላቸው ወሰን አለውና።

እንግዲህ ለየቤቱ የምንመክረው ይኸ ነው። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው ቶሎ ቶሎ ውሃ ይጠጣ፤ ለምለም ተብሎ የሚጠራውን የጨውና የስኳር ዱቄት በታዘዘው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ይውሰድ። እንዲህ ባለ ቀን የሕመም ማስታገሻ ከመዋጥ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠየቅ፤ የሚወስዱትም መድኃኒት ሁሉ ይነገር። የደም ብዛት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ ነገር ግን ሰውነቱ በደረቀበት ቀን ምን እንደሚያደርግ ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ደግሞ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ ከሐኪሙ ይረዳ። የደም ብዛት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ምንም ሳያመው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ክሬያቲኒኑንና በሽንቱ ውስጥ ያለውን አልቡሚን ያስመርምር። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። በእኛ ዘንድ አባትን ወይም እናትን ስለ ውሃ ሽንት መጠየቅ እንደ ነውር ይቈጠራል። ነገር ግን በሩ መዘጋቱን ኩላሊት የሚናገርበት ሌላ አፍ ብዙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ የታመሙትን ወላጅ የሚያስታምም ልጅ ክኒኑን ከመስጠቱ በፊት፣ በአክብሮትና በቀስታ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ውሃ ሽንት በደኅና መጣልዎ?» ብሎ ይጠይቅ። እናትም ሳያፍሩ ይንገሩት። የመጣው ጥቂት ከሆነና ከጠቈረ፣ ወይም ከጠዋት ጀምሮ ካልመጣ፣ ክኒኑን አስቀምጦ እናቱን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዳቸው።